የማይቆምበት ስልሳ ሜትር

ሰንሰለቱ በእርጥቡ ሣር ላይ እየተንሾካሾከ የአስኮን ዳገት ይወጣል። ሃያ ሜትር ርዝመት አለው፤ የነሐሴ ጭጋግ ግን ከስድስት ሜትር ወዲያ አላሳይ ብሏል። ከኋላ የናሱን እጀታ ጨብጦ የሚከተለው አሥራት፣ ከፊት ማን እንደሚጎትት አይታየውም። ሰንሰለቱ ከእጁ ወጥቶ ጭጋጉ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዜር ነው።

እግሩ ለምልክት መሬት ላይ የተተከለው የብረት መርፌ ዘንድ ሲደርስ ይጮኻል።

«ቁም!»

«ቆሜያለሁ!» ይላል የኦቦ ጃራ ድምፅ ከላይ።

ሰንሰለቱ ይወጠራል። ኦቦ ጃራ ከፊት፣ ራሱ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ሌላ መርፌ መሬት ላይ ይተክላሉ፤ አሥራት የኋላውን ይነቅላል፤ እንደገና ይሄዳሉ። ዐሥር መርፌ አሥራት እጅ ሲገባ ሁለት መቶ ሜትር ሞላ ማለት ነው። በደብተሩ ላይ አንድ ጭረት ይጭርና መርፌዎቹን ወደ ፊት ይመልሳል። ከሥራ ውጭ ቢሆን አሥራት ሽማግሌውን አንቱ ነው የሚላቸው፤ ሰንሰለት ግን አንቱታ አያውቅም። «ይቁሙ» እስኪባል ድረስ ሰው ሁለት እርምጃ ያልፋል።

ዕለቱ ዓርብ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1948 ዓ.ም. ነበር። ከለገሃር ከተነሡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

በደንቡ ቢሆን አሥራት እጀታ ባልያዘ። እሱ የልኬት ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊ ኮቱን ቆልፎ፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ጭቃውን እየሸሸ በመንገድ ዳር ነው የሚሄደው። የኋላውን እጀታ የሚይዘው ገብረየስ የሚባል የሠፈር ሰው ነበር። ያ ገብረየስ ዛሬ ጠዋት «አተኩሶኛል» ብሎ ልኮ ቀረ። ሌላ ሰው ሲፈለግ ቀኑ እንዳይመሽ አሥራት የሱሪውን ጫፍ ጠቅልሎ ራሱ ገባበት። ቀኑ ቀጠሮ ነበረበትና።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። አዲስ አበባ በዚያ ዘመን ሁለት ባቡር ጣቢያ ነበራት፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። አንዱ ሁሉ የሚያውቀው ለገሃር ነው። ሌላው ቡራዩ ላይ፣ ጣሊያን ጀምሮት ጥሎት የሄደው፣ ከመናገሻ ጀርባ ድንጋይና ግንድ ኖራም የሚያመጣው የትንሿ ባቡር ጣቢያ ነው። በመካከላቸው ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር ከምናምን አለ፤ ጣጣው ያ ምናምኑ ነው። ከቡራዩ የመጣ ጆንያ ለገሃር እስኪደርስ ከፉርጎ ይወርዳል፣ አህያ ላይ ይጫናል፣ ከተማውን ያቋርጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይጫናል። «ከጅቡቲ ለገሃር በሁለት ቀን፣ ከለገሃር ቡራዩ በሳምንት» እያለ ሰዉ ይስቅ ነበር።

ሁለቱን ለማገናኘት ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው በጉለሌና በአስኮ አድርጎ፣ ጉብታውን ቆርጦ፣ በቀጥታ መግባት ነው። ሁለተኛው ከቡራዩ ወደ ሰበታ ወርዶ፣ በዓለም ገና ሜዳ ዞሮ መምጣት ነው፤ ቁፋሮ የለውም፣ መንገዱ ግን ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ሦስተኛው ሐዲዱን ትቶ የካሚዮን መንገድ ማስፋት ነው። ይህን ሦስተኛውን ማንም አልወደደውም፤ ለካሚዮን መንገድ ጥብጣብ የሚቆርጥ ትልቅ ሰው አይገኝምና። የተመረጠው ቀጥታው ነው። የሥራው ሹም ባላምባራስ ውብአየሁ ካርታው ላይ በቀይ እርሳስ አስምረውታል፤ በጥቅምት፣ ለዘውድ በዓል፣ ለግርማዊነታቸው ሊያቀርቡት ቃል ገብተዋል።

ጉብታው የሚቆረጠው ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። በግራው ገደል አለ፤ በቀኙ የገፈርሳን ውሃ ወደ ከተማ የሚያወርደው ቧንቧ ተቀብሯል። በመካከል የቀረችው አንገት ከአንድ ግቢ ስፋት አትበልጥም። ድሮም አገር መንገዱ በእሷ ነው የሚያልፈው፤ ባቡሩም ከዚያ ሌላ ማለፊያ የለውም።

እንግዲህ ፈረንሳዊው መሐንዲስ፣ ሰዉ ሁሉ ሙሴ የሚለው፣ በባለ ሦስት እግሩ መነጽር ከኮረብታ ኮረብታ አይቶ ርቀቱ 14,380 ሜትር ነው አለ። የአሥራት ሰንሰለት ግን 14,320 አለ። እንደገና ተለካ። 14,320። መሬቱ ከሰንሰለቱ ስልሳ ሜትር ይረዝማል።

ባላምባራስ ውብአየሁ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ወርውረው ነበር።

«አንዴ ብትሳሳት ሰው ነህ እል ነበር» አሉ። «ሁለቴ ያንኑ ቁጥር ያመጣኸው ጠጅ ቤት ተቀምጠህ ስለገለበጥከው ነው። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ቡራዩ ጣቢያ እጠብቅሃለሁ። ስልሳ ሜትሬን ይዘህ ና። አለዚያ ከዚህ መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን ከመንግሥት ደጅ ሁሉ የምትባረርበትን ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።»

አሥራት ጠጅ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ያንገበገበውም ይኸው ነው። ሚስቱ ማሪቱ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ደብዳቤው ከተጻፈ ሌላ ሥራ እንደማያገኝ ሁለቱም ያውቃሉ። ሦስት ሌሊት ስለ ስልሳ ሜትር ሲያስብ አድሯል። ምድር እንዴት ትጎድላለች?

ወደ አራት ሰዓት ግድም አንገቷ ዘንድ ደረሱ። አሥራት ዐሥረኛዋን መርፌ ነቅሎ ለመጻፍ ጎንበስ ሲል ከላይ በኩል የሚመጣ ነገር ታየው። ነጭ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት። ሲቀርቡ አህዮች ሆኑ፤ ኖራ ተጭነው፣ ቆዳቸው ኖራ ለብሶ። ከኋላቸው ከሱሉልታ በኩል ቅቤና አይብ ይዘው የሚወርዱ አራት ሴቶች አሉ። አሥራትን ያስደነገጠው መልካቸው አይደለም። ድምፅ የላቸውም። የስድስቱም አህዮች አንገት ላይ ደወል ተንጠልጥሏል፤ አንዱም አይጮህም። ሴቶቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ፈጠን ፈጠን ይላሉ።

አንዲት የተቀጠፈች ግራር ጉቶ አልፈው አሥራት ካለበት ሲደርሱ፣ መሪዋ ሴት «ኤዬ፣ ታዲያ ምን አለችው?» አለችና ሦስቱ በሳቅ ፈነዱ። የጀመሩትን ወሬ እዚያ ማዶ አስቀምጠውት ኖሮ እዚህ አነሡት። ባለ አህያው ደግሞ ከየደወሉ ውስጥ የተጠቀጠቀ ሣር እየጎለጎለ ይጥላል። ደወሎቹ አንድ በአንድ ነፍስ ዘሩ።

ባለ አህያው ሀሰኖ ነበር። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ዕቃ በማመላለስ ያደገ፣ አባቱም በዚያው ያረጀ ነጋዴ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አሥራት! ዛሬም ትለካታለህ እንዴ ይቺን አገር? ቀሚስ ልታሰፋላት ነው?»

«ሀሰኖ፣ ደወሉን ለምን አፈንከው?»

ሀሰኖ ሳቁን ዋጠ። ወደ ኋላው ዘወር ብሎ ጭጋጉን አየ።

«እዚያ አይጮህም፣ አይቆምም። አባቴ ሲያደርግ አየሁ፣ እኔም አደረግኩ። ወላሂ ሌላ አላውቅም። አንተና ሐዲድህ እንጀራዬን ልትነጥቁኝ ነው የመጣችሁት፣ ግን ክፉ አልመኝልህም። ከዚህ እስከ ወዲያኛው ድንጋይ ድረስ እግርህን እንዳታቆም።»

«ጅል አትሁን።»

«እሺ፣ እኔ ጅል ልሁን። አንተ ብቻ አትቁም» ብሎ አህዮቹን ተከተለ።

አሥራት ንግግሩ አልጣመውም። መርፌዎቹን ወደ ፊት ላከና እጀታውን ያዘ። ሰንሰለቱ ተንቀሳቀሰ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ የመጨረሻዋ መርፌ ዘንድ ደረሰ፤ ቀይ ጨርቋ ከጉቶው ሥር ተተክላለች።

«ቁም!»

መልስ የለም።

«ቁም!»

ሰንሰለቱ አልቆመም። በአንድ ጊዜ ተወጠረ፣ እጁን ጎተተው፣ የናስ እጀታው ከጣቶቹ መካከል ሾልኮ መሬት ላይ ወደቀና እየተንጫረረ በሣሩ መካከል ወደ ጭጋጉ ሮጠ። አሥራት እንደ ደነገጠ ቆሞ ቀረ። እጀታው ድንጋይ ሲመታ ሁለቴ ተሰማ፤ ከዚያ ምንም።

ሲሮጥ ሄደ። ኦቦ ጃራን ያገኛቸው አንገቷን ከተሻገሩ በኋላ፣ ሀሰኖ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ሰንሰለቱ እግራቸው ሥር ተከምሯል፤ አዲስ መርፌ አጠገባቸው ተተክሏል። ኦቦ ጃራ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው፣ ጠንካራ፣ ዘጠኝ ዓመት ሰንሰለት ጎትተዋል። አሁን ግን ወባ እንደያዘው ሰው ተኮራምተዋል።

አሥራት ያን ጊዜ ገባው። ስልሳ ሜትሩ የት እንደጠፋ ቁልጭ ብሎ ታየው። እሱ ከገደሉ ለመራቅ በላይኛው መንገድ ሲዞር፣ ኦቦ ጃራና ገብረየስ ሰንሰለቱን ይዘው አንገቷን ሳይቆሙ ነበር የሚያልፏት። ሁለቱንም ጊዜ። ከዚህ ማዶ እንደገና ይጀምራሉ። ልኬት ማለት ደግሞ በየሃያው ሜትር መቆም ነው።

«እርስዎ ነዎት!» አለ። ንዴቱ ድምፁን አቀጠነበት። «ሁለት ጊዜ! እንጀራዬን ሊያስቆርጡኝ! ምን በደልኩዎት?»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ተንኮል አይደለም» አሉ ኦቦ ጃራ። «እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«እግር ምን ያውቃል?»

ሽማግሌው የፎጣቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ላይ ያዙት። ሲናገሩ ወደ አንገቷ አያዩም።

«የኅዳር በሽታ የገባ ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከከተማ የሸሸው ሰው ሁሉ በዚህ ነው ያለፈው፣ ወደ ሆለታ፣ ወደ አምቦ። ዳገቱን ወጥቶ እዚህ ሲደርስ ትንሽ ልረፍ ብሎ ይቀመጣል። የተቀመጠ አይነሣም። ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ የኛም ሰው። ቄስ የለም፣ ሼህ የለም። ከመንደሩ በእግሩ የቆመ እኔና አባቴ ብቻ። አንድ ረጅም ጉድጓድ ቆፈርን። በስድስተኛው ቀን አባቴም ገባ። ኋላ እኔ ብቻዬን። እህቴ አያንቱም እዚያ ናት።»

አሥራት ንዴቱ ከውስጡ ሲወርድ ተሰማው። በዚያ ኅዳር ሰው ያላጣ ቤት አልነበረም።

«ነፍስ ይማር» አለ። «ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆነው፣ ኦቦ ጃራ። መቃብር ነው፤ መቃብር ላይ ቢቆሙ ምን ይሆናል?»

«የቆመ ይጠራል።»

«ማን ይጠራዋል?»

ሽማግሌው የአሥራትን እጅ ያዙ።

«ሐዲዱ ይለፍ። በላዩ ይለፍ፣ ግዴለኝም። እንዳይቆፈር ብቻ። ሙሴው አራት ሜትር ይቆረጣል ሲል ሰምቻለሁ። አንተ ተው ስልሳ ሜትሩን። የጠፋ ይጥፋ። አንተም ሆድ ይፍጀው በለው።»

«ተውኩት ብል ሙሴው በመነጽሩ አይቶታል። እኔ ብቻ ነኝ የምጠፋው።» አሥራት እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «መለካት አለብኝ። ቆመው ካልያዙልኝ ብቻዬን እለካዋለሁ።»

«ያ ዋቃ!» አሉ ኦቦ ጃራ ሰማዩን ቀና ብለው። አልተከተሉትም።

አሥራት ጥቂት መርፌ ይዞ፣ ሰንሰለቱን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ ወደ ጉቶው ተመለሰ። ብቻውን የሚለካ ሰው እጀታውን በተተከለው መርፌ ላይ ያጠልቃል፤ መርፌው እንደ ሰው ሆኖ ይይዝለታል። እንደዚያ አደረገ። ሃያ ሜትር ሄደ፣ ሳበ፣ ተወጠረ፣ ሁለተኛዋን መርፌ ተከለ። ምንም አልሆነም። ሣሩ እዚህ ከሌላው ቦታ ጥቅጥቅ ያለ፣ የለመለመ ነው። ወፍ የለም። ከሩቅ ይሰማ የነበረው የሀሰኖ አህዮች ደወል መቼ እንደጠፋ አላስተዋለም። የእጅ ሰዓቱ ብቻ ይቆጥራል።

ተመልሶ የመጀመሪያዋን መርፌ ነቀለ፣ እጀታውን ሁለተኛዋ ላይ አጠለቀ፣ ሌላ ሃያ ሜትር ሄደ። አሁን ጉቶውም ድንጋዩም አይታዩትም፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ጭጋግ ነው። ሰንሰለቱ ሲያልቅበት፣ ልማድ ሆኖበት ጮኸ።

«ቁም!»

ከጮኸ በኋላ ነው ማንን እንዳስቆመ የጠየቀው።

እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ሳበ። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ከዚያ ትንሽ ላላ፤ ሰንሰለት የያዘ ሰው አያያዙን ሲያስተካክል እንደሚላላ። እንደገና ተወጠረ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከቅድሙ ይልቅ። አሥራት በመላ ክብደቱ ወደ ኋላ ተደገፈ። ወዲያኛው ጫፍ አልነቃነቅም አለ። ዘጠኝ ዓመት ከሠሩት ከኦቦ ጃራም ቢሆን እንዲህ ያለ የጸና አያያዝ አይቶ አያውቅም። ሦስተኛዋን መርፌ ተከለ።

ተመልሶ ሄደ። ሁለተኛዋ መርፌ መሬት ላይ የለችም። ከተተከለችበት አንድ ክንድ ርቃ፣ በጎኗ፣ ቀይ ጨርቋ ጠል ጠጥቶ ተጋድማለች። ቀዳዳዋ ደግሞ በሣር ተከድኗል። እጀታው ባዶውን ሣሩ ላይ ተቀምጧል። አሥራት ተንበረከከ። ሥር ይዞት እንደሆን ብሎ ሣሩን በጣቱ ፈለገ፤ ድንጋይም ፈለገ። ሥርም የለም፣ ድንጋይም የለም። ለስላሳ አፈር ነው፣ ዛሬ ማለዳ የተገለበጠ የሚመስል።

ሦስተኛውን ሃያ ሜትር እንዴት እንደለካው ኋላ አያስታውሰውም። ድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ ሰንሰለቱ አልቆ ነበር። ስልሳ ሜትር፣ ከአንድ ስንዝር።

ኦቦ ጃራ ፊቱን አይተው ተነሡ።

«ጠራህ?»

«አልጠራኝም።»

«ታዲያ?»

አሥራት ሊዋሽ አሰበ። ምላሱ አልታዘዘውም።

«ያዘልኝ» አለ።

ኦቦ ጃራ ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተናጠ። አሥራት ሰንሰለቱን መሬት ላይ አስቀምጦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ ሁለቱም ሰንሰለቱን አንሥተው ቀጠሉ፤ «ቁም» «ቆሜያለሁ» ሳይባባሉ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ብቻ። ጭጋጉ እየሳሳ ነበርና ይተያዩ ነበር።

የቀረው መንገድ ለአሥራት ረጅም ሆነበት። ቁጥሩን አስረክቦ ዝም ቢል ማንም ምንም አይጠይቀውም። ከመስቀል በኋላ ቁፋሮው ይጀመራል፤ እሱ ደሞዙን ይዞ፣ ማሪቱም ልጇን ታቅፋ ይኖራሉ። ቢናገር ደግሞ ባላምባራስ፣ «አሁን ደግሞ የሙት ተረት አመጣህልኝ?» ብለው ያንኑ ደብዳቤ ሊጽፉ ይችላሉ። የማን ቤት ጠፍቶ የማን ሊበጅ! እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት ቡራዩ ደረሰ።

ጣቢያው አንድ የቆርቆሮ መጋዘንና አንድ የድንጋይ ቤት ነው። ትንሿ ባቡር ሐዲዱ ጫፍ ላይ ቆማ ታፏጫለች፤ ተሸካሚዎች ግንድ ያወርዳሉ። ባላምባራስ ውብአየሁ በካኪ ኮታቸው ላይ ነጠላቸውን ደርበው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ካርታው ፊት ተቀምጠዋል። በአንድ እጃቸው ጭራ ይዘዋል፣ ዝንብ ባይኖርም።

ደብተሩን ገለጡ። ጭረቶቹን ቆጠሩ፤ እንደገና ቆጠሩ።

«ዐሥራ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ!» ጭራቸውን ጠረጴዛው ላይ መቱት። «ይኸው! ገባ! አየህ፣ ሰው ሲቆጡት ይሠራል። የት ነበር ስልሳ ሜትሬ?»

መልሱን ሳይጠብቁ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው አሥራት ተናገረ።

«ባላምባራስ፣ ከመፈረምዎ በፊት። አንገቷ ላይ መቃብር አለ።»

«የማን?»

«የኅዳር በሽታ ጊዜ ሰዎች። መቆረጫው በመካከላቸው ነው የሚያልፈው።»

ባላምባራስ ብዕሩን አስቀመጡ። አማተቡ። አልተቆጡም፤ ለአሥራት ይህ ከቁጣው ይልቅ ከበደው።

«ነፍስ ይማር። በክብር ይነሣሉ። ክርስቲያኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ እስላሙ ወደ መቃብሩ። ፍታት አስፈታለሁ። የንጉሠ ነገሥት ሥራ ግን በአጥንት አይቆምም።»

«አንድ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ማን ማን እንደሆነ አይለይም።»

«የሚለይ ሰው ይኖራል። ሁልጊዜ የቀበረ አንድ ሰው ይኖራል።»

አሥራት ሳይወድ ወደ በሩ ዞረ። ኦቦ ጃራ ደፉ ላይ ቆመዋል፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። ጠርተዋቸው ሳይሆን ራሳቸው መጥተው ነው።

«አንተ ነህ የቀበርከው?» አሉ ባላምባራስ።

«ኤዬ። እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ጎሽ። ቁጠርልን። አሥራት፣ ጻፍ። ክርስቲያን ስንት ነው?»

«ማተብ ያሰሩ ዘጠኝ።»

«እስላም?»

«ስድስት። ነጋዴዎች ነበሩ፣ አንዲት እናት ከልጆቿ ጋርም።»

«የአገሩ ሰው?»

«ከአባቴ ጋር ስምንት።»

ባላምባራስ በጣታቸው ደመሩ። «እንግዲህ ሃያ ሦስት ሙታን።»

«ሃያ ሁለት፣ ጌታዬ።»

«ዘጠኝና ስድስት ዐሥራ አምስት፤ ስምንት ሲጨመር ሃያ ሦስት ነው።»

«ሰዉ ሃያ ሦስት ነው» አሉ ኦቦ ጃራ። «የሞቱት ሃያ ሁለት ናቸው።»

የአሥራት ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆመ፤ ቀለሙ ጠብታ ሆኖ እስኪሰፋ ድረስ አላነሣውም። ሽማግሌው ወለሉን እያዩ ቀጠሉ፤ ለዓመታት በልባቸው ሲያጠኑት የኖሩት ነገር ስለሆነ ቃሉ አልተደናቀፈባቸውም።

«እህቴን በቀኝ ጎኗ ነው ያስተኛኋት። ፊቷን ወደ ፀሐይ መውጫ፣ እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጌ። ገላዋ ይሞቅ ነበር፤ የበሽታው ትኩሳት ገና አልወጣም ብዬ ነው። አፈር ስመልስባት ‹ጃራ፣ ዳባዱ› አለችኝ። ጃራ፣ ቁም ማለቷ ነው። ብቻዬን ነበርኩ፣ ጌታዬ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ሙታን ተናገሩ ብዬ ፈራሁ። አልቆምኩም። ቶሎ ቶሎ መለስኩት። ዝም እስክትል ድረስ መለስኩትና ሮጥኩ። ሰዉ እኔ እዚያ እንደማልቆም አይቶ መቆም ተወ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ባላምባራስ ጭራቸውን ካርታው ላይ አስቀመጡ።

«ቄስ ይምጣ፣ ሼህ ይምጣ፣ ይገባቸዋል» አሉ ኦቦ ጃራ። አሁን ቀና ብለው ባላምባራስን ዓይን ዓይናቸውን አዩአቸው። «ግን ሲከፈት ማየቴ አይቀርም። ጌታዬ፣ እንዳስተኛኋት ሆና ካልተገኘችስ?»

ባላምባራስ ውብአየሁ መነጽራቸውን አወለቁ። ከወንበራቸው ተነሥተው ወንበሩን ራሳቸው ጎትተው ወደ በሩ ወሰዱት። አሥራት በሦስት ዓመት ሥራው ባላምባራስ ለሰው ወንበር ሲያቀርቡ አይቶ አያውቅም።

«ይቀመጡ፣ ኦቦ ጃራ» አሉ። «አንቱ ይቀመጡ።»

ከዚያ እንደቆሙ ካርታው ላይ አጎንብሰው፣ በላጲስ፣ ከጉለሌ በአስኮ አድርጎ ቡራዩ የሚገባውን ቀይ መስመር ያሹ ጀመር። ቀዩ ቀለም ቶሎ አልለቅ አለ። ወረቀቱ ሊበሳ እስኪደርስ አሹት።

«አሥራት» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «በሰበታ በኩል ብለህ ጻፍ።»

«ምክንያቱን ምን ልበል፣ ባላምባራስ?»

«መሬቱ አይቆፈርም በል።»